ነፋሱ የእኛ ነው፤ ኢንዱስትሪውስ?

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን ያህል የውኃ ኃይል ያላት ሀገር ነፋስ ለምን ያስፈልጋታል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከወቅቶች ነው። ግድቦች የሚሞሉት በክረምት ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ የሚገባው ውኃ ይቀንሳል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ደግሞ ተርባይኖች ከአቅማቸው በታች ለመሥራት ይገደዳሉ። በአንጻሩ በበርካታ የሀገሪቱ ደጋማ ቦታዎች ነፋስ የሚበረታው ዝናብ በሌለባቸው ወራት ነው። ነፋስ ሲነፍስ ውኃው በግድቡ ይጠራቀማል፤ ነፋሱ ሲያርፍ ግድቡ ይተካል። ነፋስ እንደልብ የማይታዘዝ ኃይል በመሆኑ ብዙ ሀገራት ውድ የኃይል ማከማቻ ባትሪ ለመግዛት ይገደዳሉ። ለኢትዮጵያ ግን ግድቦቿ እንደ ማከማቻ ያገለግሏታል። ሁለቱ የኃይል ምንጮች ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ ተደጋጋፊዎች ናቸው።

የነፋስ ኃይል አሠራር በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ነፋሱ ክንፎቹን ያሽከረክራል፤ የክንፎቹ ሽክርክሪት በማማው አናት ላይ ያለውን ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳል። ወሳኙ ጉዳይ የቦታ ምርጫ ነው። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ያድጋል። በመሆኑም በሁለት ኮረብታዎች መካከል ያለ ትንሽ የፍጥነት ልዩነት አንዱን አትራፊ፣ ሌላውን ከሳሪ ሊያደርግ ይችላል። በኢትዮጵያ ደጋዎች ከፍታም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ነፋስ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ያነሰ ኃይል ይሰጣል። ለዚህም ነው ተርባይን ከመተከሉ በፊት ቢያንስ ለአንድ ዓመት የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ በቦታው የሚለካው።

ኢትዮጵያ በዘርፉ ጀማሪ አይደለችም። 34 ተርባይኖች ያሉት አዳማ ቁጥር 1 የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ 102 ተርባይኖች ያሉት አዳማ ቁጥር 2 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘውና በጥቅምት 2006 ዓ.ም የተመረቀው አሸጎዳ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ነው። ሦስቱ በድምሩ 324 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። በሶማሌ ክልል የአይሻ፣ በአርሲ ደግሞ የአሰላ ፕሮጀክቶች ተከትለዋል።

ሆኖም የማመንጫ ጣቢያ መኖርና የነፋስ ኃይል ኢንዱስትሪ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሸጎዳ በፈረንሳይ ብድር ተገንብቶ የቨርኜና የአልስቶም ተርባይኖችን ተከለ። የአዳማ ጣቢያዎች በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተገንብተው የጎልድዊንድና የሳኒ ተርባይኖችን ተቀበሉ። አይሻ ከዶንግፋንግ፣ በዴንማርክ ድጋፍ የተጀመረው አሰላ ደግሞ ከሲመንስ ጋሜሳ ወሰዱ። የተርባይኑን ዓይነት በአብዛኛው የወሰነው የገንዘቡ ምንጭ ነው ማለት ይቻላል።

ውጤቱም በጥቂት ጣቢያዎች ውስጥ የስድስት አምራቾች ሥሪት መከማቸቱ ነው። እያንዳንዱ የራሱን መለዋወጫ፣ የራሱን ሶፍትዌርና የራሱን የሥልጠና መመሪያ ይፈልጋል። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የአንድ ተርባይን ዕድሜ 20 ዓመት ገደማ ሲሆን አምራቹ ግን ያን ያህል ላይቆይ ይችላል። አሸጎዳ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ የአልስቶም የኃይል ዘርፍ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ተሽጧል።

ነፋስ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ወጪው ከሞላ ጎደል በመጀመሪያው ቀን የሚከፈል ነው። የወለድ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የሚመረተው ኃይል ዋጋ ይንራል። ብድሩ በዶላር ወይም በዩሮ ሲሆን፣ ደንበኛው ግን የሚከፍለው በብር ነው። የብር የምንዛሪ ዋጋ ሲቀንስ ልዩነቱን አንድ ወገን መሸከም አለበት። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ለግል ባለሀብቶች በር ቢከፍትም፣ የኃይል ግዥ ስምምነቶች ድርድር ብዙ ጊዜ የሚከብደው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ሌላው ማነቆ የማስተላለፊያ መስመር ነው። የጎረቤት ኬንያ ተሞክሮ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በቱርካና ሐይቅ አካባቢ 365 ተርባይኖች ያሉት የ310 ሜጋ ዋት ጣቢያ እ.አ.አ በ2017 ተተክሎ ቢጠናቀቅም፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር የተገናኘው በ2018 ነው። ተርባይኖቹ ያለ ሥራ በቆሙበት ጊዜ የኬንያ መንግሥት ላልደረሰው ኃይል ካሳ ለመክፈል ተገድዷል።

ታዲያ ኢንዱስትሪው እንዴት ይገነባል? ሕንድ ውስጥ እ.አ.አ በ1995 የተቋቋመው ሱዝሎን ሥራውን የጀመረው ከአንድ የጀርመን ኩባንያ ጋር በቴክኒክ በመተባበር ነበር። ቻይና በ2005 ከተርባይኑ 70 በመቶው በሀገር ውስጥ እንዲመረት የሚያስገድድ ደንብ አወጣች፤ ኩባንያዎቿ ጸንተው ከቆሙ በኋላ በ2009 አነሳችው። ሞሮኮ ደግሞ 850 ሜጋ ዋት የሚሆን ኃይል በአንድ ጨረታ አወጣች፤ በ2017ም በታንጀር የተርባይን ክንፍ ፋብሪካ ተከፈተ። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ፋብሪካው ገበያውን ተከትሎ መምጣቱ ነው። በየጥቂት ዓመቱ አንድ ጣቢያ ብቻ ለምትገዛ ሀገር ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት አይገኝም።

ኢትዮጵያ ነገውኑ ጊርቦክስ ወይም ጄኔሬተር ማምረት አይጠበቅባትም። የቀረበው እርከን መሠረት ማነጽ፣ የብረት ማማ ማምረት፣ ኬብል መዘርጋት፣ ግዙፍ ክንፎችን በተራራማ መንገድ ማጓጓዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥገና ነው። ማማው ከባድና ለማጓጓዝ ውድ በመሆኑ በሀገር ውስጥ መመረቱ ያዋጣል። ጥገና ደግሞ ጣቢያው እስካለ ድረስ የማይቋረጥ የሥራ ዕድል ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በከፍታ ላይ የሚሠሩ፣ የኤሌክትሪክና የሃይድሮሊክ ዕውቀት ያላቸው ባለሙያዎችን ቢያሠለጥኑ ለውጭ ባለሙያ የሚወጣው ምንዛሪ ይቀንሳል።

የአካባቢው ማኅበረሰብ ጥቅምም ከስሌቱ መውጣት የለበትም። በተርባይኖች መካከል ያለው መሬት ሊታረስና ከብት ሊግጥበት ይችላል፤ በቋሚነት የሚወሰደው ለመሠረት፣ ለመንገድና ለማከፋፈያ ጣቢያ የሚሆነው ነው። ያም ቢሆን ማሳው ለተነካበት ገበሬ ተገቢ ካሳ በወቅቱ ሊከፈለው ይገባል። ከማማው ሥር እየኖረ ማታ በኩራዝ የሚያመሽ ቤተሰብ ካለ፣ ልማቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

የሚቀጥለው እርምጃ እንግዲህ ጣቢያዎችን አንድ በአንድ ከመግዛት ወደ ዕቅድ መሸጋገር ነው። ለበርካታ ዓመታት የሚዘልቅ የጨረታ መርሐ ግብር ማውጣት፣ መስመሩን ከጣቢያው ቀድሞ ወይም እኩል መዘርጋት፣ የተርባይን ዓይነቶችን መመጠን፣ በየውሉም ሥልጠናንና የሀገር ውስጥ ምርትን አስገዳጅ ማድረግ ያስፈልጋል። ነፋሱ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሀብት ነው፤ ዕውቀቱና ፋብሪካው ግን ታቅዶባቸው የሚመጡ ናቸው።