ዘር ቆጠራ፣ ርስትና ቤተሰብ፦ ዝምድና በልደት የሚገኝ ነው ወይስ በክርክር የሚጸና?

በሥነ ሰብእ ውስጥ የዝምድና ጥናት ራሱን የቻለ መስክ እንዲሆን መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ሌዊስ ሄንሪ ሞርጋን የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የዝምድና መጠሪያዎች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1871 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ መስኩን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዝምድና በልደት የሚገኝ የማይለወጥ ግንኙነት ነው ወይስ ሰዎች በኑሯቸው የሚያጸኑትና የሚሟገቱበት? የጎጃም የርስት ሥርዓት ለሁለተኛው አስተሳሰብ ጠንካራ ማስረጃ ያቀርባል።

የማስረጃው ክብደት የሚታየው በአፍሪካ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ገኖ ከቆየው አርአያ ጋር ሲነጻጸር ነው። ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ በኑዌር ማኅበረሰብ የትውልድ ሐረግ የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው። ወንድ ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ዘመዱ በሟቹ ስም ሚስት ያገባል፤ የሚወለዱትም ልጆች የሟቹ ልጆች ሆነው ይቆጠራሉ። በዚህ አርአያ መሠረት እያንዳንዱ ሰው የአንድ ሐረግ አባል ነው፤ የፖለቲካ አሰላለፍም ይህንኑ ሐረግ ይከተላል።

በአማርኛ ተናጋሪው ደጋ ግን ሐረጉ አንድ አይደለም። ልጅ በአባቱ ስም ቢጠራም ርስት የሚቆጥረው በአባቱም በእናቱም በኩል ነው። መጠሪያዎቹም ይህንኑ ያንጸባርቃሉ፤ የአባት ወንድምም የእናት ወንድምም «አጎት» ይባላሉ፤ «አክስት»ም እንዲሁ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል።

አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት የዚህን ሥርዓት አሠራር አብራርቷል። ርስት ማለት መሬቱን በመጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት መወለድን በማስረዳት ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። አንድ ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ቢቆጥር በዚያ እርከን ላይ እስከ 128 የሚደርሱ አያቶች ሊኖሩት ይችላሉ። ስለሆነም በብዙ ደብሮች የይገባኛል ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ሁሉም መብቱን ቢጠይቅ ግን መሬቱ አይበቃም። በመሆኑም ወሳኙ ነገር መወለድ ብቻ ሳይሆን የትኛውን ሐረግ፣ መቼና በማን ድጋፍ ማንሣት ነው። ጠያቂው ዘር ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ፣ የተወላጆቹን ወኪል ማለትም ፈጁን አሳምኖ፣ ካልሆነለትም በዳኛ ፊት ተሟግቶ ድርሻውን ያስከብር ነበር። ሀብት፣ ሹመትና የመናገር ችሎታ ያለው ሰው ብዙ ሐረጎችን ሲያስከብር፣ ደካማው በልደት እኩል ሆኖ ሳለ መብቱ ሳይነሣ ይቀራል። ርስት በሺህ ዓመቱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል የሚለው ብሂልም በዚህ መልኩ ሲታይ ትርጉሙ ይገለጣል፤ ሐረጉ እስከተቆጠረ ድረስ መብቱ በጊዜ ብዛት አይሻርም።

ከዚህ የሚከተለው የጥናት ዘዴን የሚመለከት ነጥብ ነው። ደብልዩ ኤች አር ሪቨርስ ያስተዋወቀው የትውልድ ቆጠራ ዘዴ ተመራማሪው ከመረጃ ሰጪው የዘር ሐረግ ተቀብሎ እንዲመዘግብ ያስተምራል። በርስት አገር ግን የተነገረው ሐረግ መዝገብ ብቻ ሳይሆን ሙግትም ነው። የመሬት ክርክር ያለበት ሰው ለክርክሩ የሚረዳውን አያት አጉልቶ ሌላውን ሊተው ይችላል። የተተወውም ስም ከተነገረው ያላነሰ መረጃ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የዚህን ሙግት ሕጋዊ መሠረት አነሣ። ከዚያ በፊት ዘር ቆጠራ ሁለት ተግባር ነበረው፤ አንደኛው ሰውን በመሬት ላይ ባለድርሻ ማድረግ፣ ሁለተኛው በጋብቻ የማይፈላለጉትን መለየት። የመጀመሪያው ሕጋዊ ኃይሉን ሲያጣ ሁለተኛው፣ ማለትም እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ጋብቻን የመከልከል ልማድ፣ በሕይወት ቆየ። በአንድ ወቅት ዘመድን ለማብዛት የተቆጠረው ሐረግ አሁን በዋናነት የሚቆጠረው ለማራቅ ነው።

ሕጉም መብትን የሚያያይዝበትን ክር ለውጧል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባልን የተረጎመው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው በማለት ነው። በዚህ ትርጓሜ መለኪያው አጥንት መቁጠር ሳይሆን አብሮ መኖርና አብሮ መተዳደር ነው። ከሩቅ የሚኖር የልጅ ልጅ በርስት ሥርዓት ሙሉ ጠያቂ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ ግን በደም ብቻ የቤተሰብ አባል አይሆንም፤ ያልተዛመደ የቤት ሰው ደግሞ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ዘመድ» እና «ቤተሰብ» በመጠይቅ ላይ እንደ ተመሳሳይ ቃላት ሊወሰዱ አይገባም። የመጀመሪያው የሚቆጠር፣ ሁለተኛው አብሮ የሚኖር ነው። ማን ከመሬቱ ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ከሁለቱ የትኛው እንደ መለኪያ እንደተወሰደ ሳይታወቅ የሚሰበሰብ መረጃ፣ ሳያውቀው ከተከራካሪዎቹ ለአንዱ ወገን ይመሰክራል።