የመንገደኛ ገንዘብና የሰው ዋይፋይ

መንገደኛ ገንዘቡን የሚያኖርበት ቦታ እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። አባቶቻችን ጠገራውን ብር በመቀነታቸው ጠቅልለው፥ እናቶቻችንም ሳንቲሙን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወንዝ ይሻገሩ ነበር። ከስማዳ፥ ከጋይንትና ከእስቴ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ ጐልማሳም የድካሙን ዋጋ ይዞ ሲመለስ፥ እጁን ከወገቡ ላይ ሳያነሣ የሚያድርበት ሌሊት ብዙ ነበር።

ዛሬ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶአል። ባንኮች ሒሳብን በስልክ ማንቀሳቀስ ከጀመሩ፥ ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሥራውን ከከፈተ ወዲህ፥ ከወገዳ የተነሣ መንገደኛ ደብረ ታቦር ሲደርስ ኪሱ ባዶ ቢሆንም ገንዘብ የለውም አይባልም። ዳሩ ግን ገንዘቡ ቦታውን ስለ ለወጠ ሌባው ሥራውን ተወ ማለት አይደለም፤ እርሱም ቦታውን ለወጠ እንጂ።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ሆቴል ያየነው ነገር ነው። ከወገዳ አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንት፥ የታመመች ልጃቸውን ለማሳከም ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው ገንዘቡን ባንክ አስገብተው ነበር። ከአጠገባችን ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሒሳባቸውን ለማየት ቢሞክሩ ስልኩ እንቢ አላቸው። አስተናጋጁም በቅንነት፥ «አባባ፥ እኛ ዘንድ ዋይፋይ አለ፤ ፓስወርዱን ያስገቡና ይጠቀሙ» አላቸው። አዛውንቱም መልስ ሳይጠብቁ፥ አራቱን የባንክ ምሥጢር ቁጥሮቻቸውን ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ አንድ በአንድ ጠሩለት።

«አባቴ፥ ይተዉ እንጂ! ይህ እኮ ለሰው አይነገርም» አልናቸው።

«ምነው ልጄ፥ ምን አጠፋሁ? ፓስወርድ አለኝ፥ ፓስወርድ ሰጠሁት» አሉን።

ነገሩን ስንመረምረው ጥፋቱ የእርሳቸው ሆኖ አላገኘነውም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ የባዕድ ስም ስለሚጠሩ ነው። የሆቴሉ ፓስወርድ የቅጥር በር መክፈቻ ነው፤ በወረቀት ተጽፎ ከግድግዳ ላይ ይለጠፋል፥ ለገባው ሁሉ ይሰጣል። የባንኩ ግን የሣጥን ቁልፍ ነው፤ ለልጅ እንኳ አይሰጥም። እነሆ፥ በሰው ዋይፋይ ላይ ለሚደርሰው ጥፋት አንዱ ምክንያት ይህንኑ ልዩነት አለማወቅ ነው።

ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔትን ያለ ሽቦ በአየር የሚያደርስ መሣሪያ ነው። በአየር የሚሄድ ነገር ደግሞ እንደ ገበያ ጩኸት ነውና፥ ለአንዱ የተነገረውን ሌላውም ይሰማዋል። በ2003 ዓ.ም. ኤሪክ በትለር የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ «ፋየርሺፕ» የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ በይፋ አወጣ። በዚህም፥ ቡና ቤት የተቀመጠ ማንኛውም ሰው በዚያው ክፍት ዋይፋይ ላይ ያለውን የጐረቤቱን የፌስቡክ ገጽ እንደ ራሱ አድርጎ ሊገባበት እንደሚችል ለዓለም አሳየ። ዓላማውም ለመስረቅ ሳይሆን ታላላቆቹን ድርጅቶች ለማንቃት ነበር። እነርሱም ከዚያ ወዲህ መልእክቱን ሁሉ በምሥጢር ጽሕፈት እያሸጉ መላክን አስፋፉ።

ስለዚህ ዛሬ ትክክለኛው የባንክ መተግበሪያ የሚልከው መልእክት እንደ ታሸገ ደብዳቤ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው አድራሻውን ቢያይ ውስጡን አያነብም። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ፥ ደብዳቤውን ከመቅደድ ይልቅ ባለቤቱን ማታለል መረጠ። በ2016 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ አንድ ሰው የከሰሰው፥ በአውሮፕላን ጣቢያዎችና በበረራ ላይ እውነተኛውን የሚመስል የራሱን ዋይፋይ ዘርግቶ፥ የገቡትን መንገደኞች በሐሰተኛ ገጽ ላይ የምሥጢር ቃላቸውን ያስጽፍ ነበር ብሎ ነው። በመንገደኛው ስልክ ላይ የሚታየው ስም እውነተኛው ስም ነው፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ግን ማን አየው?

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ ዋይፋይ ያለበት ቤት እንደ ምንጭ ውሃ ይፈለግ እንደ ነበር የአገሩ ሰው ያውቀዋል። የተጠማ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል እንጂ ጥራቱን አይመረምርም። አደጋው ከዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ መንገደኛ ምን ያድርግ? አስቀድሞ፥ ሒሳብን ለማየት ዋይፋይ የግድ አለመሆኑን ይወቅ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የስልክ አገልግሎት ተመዝጋቢ *889# ብሎ፥ የቴሌብር ተጠቃሚም *127# ብሎ ቢደውል፥ በተራ ስልክም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት ጉዳዩን ይፈጽማል። መተግበሪያውን መክፈት ከፈለገም የሰውን ዋይፋይ አጥፍቶ በራሱ ሲም ካርድ ዳታ ይጠቀም። ከዋይፋይ በቀር ሌላ መንገድ ካጣ፥ የሚከፍተው ቀድሞ አገሩ ሳለ ከታወቀው ቦታ ያወረደውን የባንኩን መተግበሪያ ብቻ ይሁን። ዋይፋዩ «መጀመሪያ ይህን ጫን» ወይም «የባንክ ቁጥርህን ጻፍ» ካለው ዘግቶ ይውጣ። ስልኩ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ብሎ ሲያስጠነቅቀውም በችኰላ አይለፈው። በኪራይ ኮምፒዩተር ላይ የባንክ ሒሳብ መክፈት ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉም በላይ፥ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ «አንተው አስገባልኝ» ማለትን ይተው። በአገራችን ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ለማድረግ ሊገደድ ስለሚችል፥ ለአባትና ለእናት ቁጥሩን በእጃቸው መጻፍ ማስተማር ፊደል የቈጠረ ልጅ ሁሉ ዕዳ ነው። በመልእክት የሚመጣውንም የማረጋገጫ ቁጥር «ከባንክ ነኝ» ብሎ ለሚደውል ሁሉ መንገር አይገባም፤ ባንክ ይህን አይጠይቅምና።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን አታላይ የሚቀጣበት አንቀጽ አለው። ዳሩ ግን ዳኛ የሚፈርደው በሬው ከተበላ በኋላ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶች ይህን አይተው ነው።

ወደ አዛውንቱ እንመለስና፥ ነገሩን ካስረዳናቸው በኋላ ዋይፋዩን ትተው በስልኩ መስመር የምሥጢር ቁጥራቸውን እንዲለውጡ መንገዱን አሳየናቸው። አዲሱን ቁጥር የሚጽፉበት ጊዜ ሲደርስም ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፥ ጋቢያቸውን ከላዩ መለስ አደረጉና ቀና ብለው አዩን።

«ልጄ፥ አንተም ዞር በል» አሉን።

እኛም ደስ ብሎን ዞር አልን።