ከየኪሎ ሜትሩ 73 ሳንቲ ሜትር የት ገባ?

አንድ ቀያሽ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ከአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የክፍያ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ሥራ ጀመረ እንበል። በእጁ የቆየ 1፡50,000 ካርታ ይዟል፤ አጠገቡ የጂፒኤስ መሣሪያ ተተክሏል። ካርታው ላይ በግልጽ የሚታይ የመንገድ መገናኛ ላይ ቆሞ ሁለቱን ቁጥሮች ሲያስተያይ አይገናኙም። የሳተላይቱ ቁጥር ከካርታው በሰሜን 200፣ በምሥራቅ 90 ሜትር ያህል ይበልጣል። በዚህ ልዩነት የተተከለ ድልድይ ወንዙን ትቶ ሰው ማሳ ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ መሣሪያው ላይ ነው። ሌላ ነጥብ ላይ ሄዶ ቢሞክር ግን ልዩነቱ ያው ነው፤ ሦስተኛውም ላይ ያው። የተበላሸ መሣሪያ እንዲህ በአንድ ልክ አይሳሳትም። ሁለቱም ቁጥሮች ደኅና ናቸው፤ የተቆጠሩበት መነሻ ነው የተለያየው።

የካርታው መነሻ አዲንዳን ይባላል። በግብፅ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ የኑቢያ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ እኛ የደረሰው በረጅም ልኬት ነው። ዴቪድ ጊል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1879 አፍሪካን ከኬፕ እስከ ካይሮ በሦስት ማዕዘኖች ሰንሰለት ለመለካት ሐሳብ አቀረበ። ሥራው ትውልድ አልፎ፣ የሱዳኑ ክፍተት የተዘጋው በ1950ዎቹ ነው። ከዚያም ከ1957 እስከ 1961 ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲባል አሜሪካውያን ቀያሾች ልኬቱን ከሱዳን ወደ እኛ ተራሮች አሻገሩት።  የአዲንዳን ስሌት የተመሠረተው እንግሊዛዊው ክላርክ በ1880 ባወጣው የምድር ቅርጽ ላይ ሲሆን፣ በእሱ ስሌት ከምድር መሐል እስከ ምድር ወገብ 6,378,249 ሜትር ነው። የጂፒኤስ ስሌት ደግሞ 6,378,137 ይላል። የሁለቱ ምድሮች መሐልም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ አያርፍም።

ቀያሹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ስሌት ሲያስገባ ካርታውና ሳተላይቱ ታረቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይረካል። እኔ ግን 200 ሜትር የሚያህል ስሕተት ብዙም አያስፈራኝም፤ እንዲህ ያለው ራሱን በራሱ ያጋልጣል።

የሚያስፈራው ቀጥሎ የመጣው ነው። በጂፒኤስ የተያዙ ሁለት ነጥቦችን ርቀት ቶታል ስቴሽን በተባለው የርቀት መለኪያ ሊያረጋግጥ ረዳቱን ፕሪዝም አስይዞ ላከው። ረዳቱ ዘንጉን አቁሞ፣ የውሃ ልኩ አረፋ ክቡ መሐል እስኪገባ ጠበቀ፣ እጁን አነሣ። መሣሪያው 1,000.00 ሜትር አለ። ከጂፒኤሱ ኮርድኔቶች የተሰላው ርቀት ግን 999.27 ነው። ቁልቁለቱ እንዳይባል፣ የተነበበው አግድም ርቀት ነው። 73 ሳንቲ ሜትር የት ገባ?

የፕሪዝሙ ልክ በስሕተት ተሞልቶ ከሆነ፣ ጥፋቱ ሩቅም ሆነ ቅርብ እኩል መሆን ነበረበት። 500 ሜትር ላይ ግን 36፣ 100 ሜትር ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከርቀቱ ጋር ያድጋል። ሙቀት ይሆን? የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ተሳስቶ ቢገባ ንባቡ በኪሎ ሜትር የሚዛባው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚሁ ልክ ብናሰላ 73 ሳንቲ ሜትር ለማጥፋት አቃቂ ከ700 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይኖርባታል።

መልሱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተገኘ። ኮርድኔቶቹ የሚጻፉበት ዩቲኤም የተባለው የካርታ ሥርዓት ክቧን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ለመዘርጋት ሲል በመሐል መስመሩ ላይ ሆን ብሎ ርቀትን ያሳንሳል፤ በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር። የዚህ አካባቢ መሐል መስመር ደግሞ 39ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ የሚያልፈው ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ ከጎኑ ነች። የቀረው የከፍታ ዕዳ ነው። ቱምቢዎች ሁሉ ወደ ምድር መሐል ስለሚያመለክቱ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ይራራቃሉ። በባሕር ወለል ላይ 1 ኪሎ ሜትር የሆነው 2,100 ሜትር ገደማ ላይ 33 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። 40 እና 33፣ 73።

ትንሽ ይመስላል። 30 ሜትር የሚረዝም የድልድይ ቢም ላይ ግን 2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ ቢም ደግሞ ተስቦ አይረዝምም። ከአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች 10 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይዘርጋ ቢባል 7 ሜትር ይጎድላል፤ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ ከሆነ አንድ ጨምሮም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውና 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በዩቲኤም ኮርድኔት ብቻ ቢለካ፣ መኪና ከሚሄድበት ርዝመት 60 ሜትር ገደማ ያጥራል።

መፍትሔው ማባዣ ነው። በዩቲኤም የወጣ ርቀት መሬት ላይ ከመተከሉ በፊት በ1.00073 ይባዛል። ይህ ቁጥር ግን የቱሉ ዲምቱ ነው። መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ የከፍታው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቱሉ ዲምቱን ማባዣ አዳማ ላይ የሚጠቀም ሰው በየኪሎ ሜትሩ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይተክላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ረጅም ሥራ በክፍል በክፍል ተቆርጦ፣ ለየክፍሉ እንደ ከፍታው የራሱ ማባዣ ይወጣለታል።