በዜድ 80 ላይ «ቢሆን» ስንት ምት ይፈጃል?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ዜድ 80 የተባለው የኮምፒዩተር አንጎል «ሁኔታው ቢሟላ ዝለል» የሚለውን ትእዛዝ በምን ፍጥነት እንደሚፈጽም ነው።

ትእዛዙ ሁለት ዐይነት ነው። ጄፒ የተባለው ሦስት ባይት ይይዛል፤ ቢዘልም ባይዘልም 10 ምት ይፈጃል። ጄአር የተባለው ግን ሁለት ባይት ይይዛል፤ ሲዘል 12፣ ሳይዘል ሲቀር 7 ምት ይፈጃል፤ ወደ ሩቅ ስፍራም መዝለል አይችልም።

እንግዲህ የትኛው ይፈጥናል? ከመቶው 60 ጊዜ ቢዘል ጄአር 720 እና 280፣ በድምሩ 1,000 ምት ይወስዳል፤ ጄፒም ያው 1,000 ነው። ስለዚህ ዝላዩ ከ60 ሲያንስ ጄአር፣ ሲበልጥ ጄፒ ይመረጣል።

ልዩነቱ ኢምንት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በ1982 ለገበያ የቀረበው ዜድኤክስ ስፔክትረም በሴኮንድ 3.5 ሚሊዮን ምት ብቻ ነበረው፤ ሥዕሉም በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚታደስ ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው 70,000 ያህል ነበር። ሺህ ጊዜ በሚደጋገም ሥራ ውስጥ፣ ከቶ ለማይዘል ፍርድ ጄፒን የመረጠ ሰው 3,000 ምት በከንቱ ያጠፋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ፍጥነት የሚገኘው ትእዛዙን በማወቅ ብቻ ሳይሆን የሁኔታውን ልማድ አስቀድሞ በመመርመር መሆኑን ነው።