የናናው ከረሜላና የሹም ፈቃድ

በስዊድን አገር የልደት በዓል ሲደርስ፥ ነጭና ቀይ መስመር ያለው የናና ከረሜላ ከጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ልጆች ጣዕሙን እንጂ ታሪኩን አይጠይቁም፤ እኛ ግን እንጠይቅ።

በቬተርን ሐይቅ ዳር በምትገኘው በግሬና ከተማ ወይዘሮ አማሊያ ኤሪክሶን ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞቱባቸው፤ ከወለዷቸውም መንታ ልጆች የተረፈችላቸው አንዲቱ ብቻ ነበረች። በ1859 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የከተማውን ሹማምንት ለምነው ፈቃድ በማግኘታቸው ከረሜላ መሥራት ጀመሩ። ሥራውም የዋዛ አይደለም። ፈልቶ ናና የገባበትን ስኳር፥ ሳይበርድ ደጋግሞ መሳብና አየር ገብቶት እስኪነጣ መልፋት ነው። ወይዘሮ አማሊያ በዚህ ልፋት ልጃቸውን አሳደጉ። በ1923 ሲሞቱ ዕድሜያቸው ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶ ነበር፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ በዚሁ ከረሜላ ትታወቃለች።

በእኛም አገር ጠላ ጠምቀው፥ እንጀራ ጋግረው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶች ብዙ ናቸው። የግሬና ሹማምንት ያን ጊዜ «ዛሬ አይሆንም፥ ነገ ተመለሺ» እያሉ ቢያመላልሷቸው ኖሮ፥ የከተማይቱ የበዓል ጣዕም ከየት ይመጣ ነበር? እንግዲህ ተምረን ወንበር የያዝን ሁሉ፥ ፈቃድ ፍለጋ ከደጃችን የቆመችውን እናት ቀና ብለን እንይ።