እንጀራውም ማደሪያውም ከአንድ ሆቴል
የኢላት ኑሮ በሂሳብ ሲታይ

በእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ፣ በግብፅዋ ታባና በዮርዳኖሷ አቃባ መካከል የምትገኘው ኢላት ነዋሪዋ ከ50 ሺህ ብዙም አይበልጥም። ስሟ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራው በኤሎት አጠገብ እንደነበረ ይናገራል። ዛሬ ከተማዋ የምትተዳደረው በአብዛኛው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የባሕር ዳርቻዋ ላይ በተደረደሩት ሆቴሎች ነው።

አልጋ የሚያነጥፍ፣ ወለል የሚጠርግና ዕቃ የሚያጥብ ሰው ሁልጊዜ ስለሚፈለግ ኢላት ለስደተኛ በቶሎ ሥራ ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት 60 ሺህ ገደማ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሲና በረሃ በኩል ወደ እስራኤል ሲገቡ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ቀጥሎም ሱዳናውያን ነበሩ። ከእነዚህ የተወሰኑት ኑሯቸውን በኢላት መሥርተዋል። ከኤርትራውያኑ መካከል አሰብ ወይም አዲስ አበባ ያደጉት አማርኛ ስለሚናገሩ በሆቴሎቹ ጓዳ አማርኛ መስማት አያስገርምም።

አዲስ ገቢው ብዙውን ጊዜ ሥራውንና ማደሪያውን ከአንድ አሠሪ ያገኛል። ይህ ለጊዜው ታላቅ እፎይታ ነው። ሆኖም አብረው የተገኙት ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊጠፉም ይችላሉ።

ታክስ የሌለበት ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ ኢላት የነፃ ንግድ ቀጠና ሆናለች። የተጨማሪ እሴት ታክስ በሌላው የእስራኤል ክፍል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሲሆን በኢላት ግን በአብዛኞቹ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ አይከፈልም። በቀላል ስሌት፣ ቴል አቪቭ በ118 ሼቄል የሚሸጥ ሸሚዝ ኢላት በ100 ሼቄል መሸጥ አለበት ማለት ነው። “ኢላት ርካሽ ነች” የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ርካሽነቱ የሁሉንም ኪስ እኩል አይደግፍም። ለደሃ ሠራተኛ ዋናዎቹ ወጪዎች የቤት ኪራይና ምግብ ናቸው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ በመላ እስራኤል ይህ ታክስ የለበትም። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬም እንዲሁ። ስለሆነም ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች ለሚገዛ፣ በወር መጨረሻም ኪራይ ለሚከፍል ሰው የነፃ ቀጠናው ጥቅም እምብዛም ነው። በዋነኛነት የሚጠቀመው ልብስ፣ ሽቶና ኤሌክትሮኒክስ የሚገዛውና ሆቴል የሚያድረው እንግዳ ነው።

በዚህ ላይ ከተማዋ ከቴል አቪቭ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ዕቃው በረሃ አቋርጦ ይመጣል፤ የማጓጓዣው ወጪም ከዋጋው ላይ ይጨመራል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን የአየር ማቀዝቀዣ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ እንደ ውሃ የግድ ያስፈልጋል። የመብራት ሂሳቡ ታዲያ ሌላ ራስ ምታት ነው።

የደመወዙ ስሌት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የእስራኤል ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6,247.67 ሼቄል ሆኗል። ይህ ለ182 ሰዓት ሥራ ሲሆን በሰዓት 34.32 ሼቄል ይደርስ ነበር። ከመደበኛው ቀን በላይ ለሚሠሩት ሁለት ሰዓቶች ክፍያው በሩብ ጨምሮ በሰዓት 42.90 ሼቄል፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ለሚሠራ ደግሞ በግማሽ ጨምሮ 51.48 ሼቄል ይሆን ነበር። የሆቴል ሥራ በበዓልና በሳምንት መጨረሻ የሚበዛ በመሆኑ ሠራተኛው ትርፍ የሚያየው በእነዚህ ሰዓቶች ነው።

አሠሪው ከውጭ ለመጣ ሠራተኛ ማደሪያ ከሰጠ ኪራዩን ከደመወዝ መቁረጥ ይችላል። ሕጉ ግን ለማደሪያው ጣሪያ ከማበጀቱም በላይ ተቀናሾቹ ተደምረው ከደመወዙ 25 በመቶ እንዳይበልጡ ይከለክላል። በዚያ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲሰላ ይህ ከ1,562 ሼቄል አይዘልም። ሠራተኛው እጅ 4,686 ሼቄል ያህል ይቀራል። ከዚህ ላይ ምግብ፣ ስልክ፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ገንዘብና ለመሸጋገሪያ መጠባበቂያ ሊወጣ ነው።

በወር 1,000 ሼቄል ማስቀመጥ የቻለ ሠራተኛ በስድስት ወር 6,000 ሼቄል ይኖረዋል። ይህ የግማሽ ዓመት ቁጠባ ከአንድ ወር ዝቅተኛ ደመወዝ ያነሰ ነው። ሆቴሉ አንድ ቀን ቢዘጋ ቁጠባው ምግብ ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚከራይ ክፍልም መሸፈን ይኖርበታል።

ቱሪስት ሲቀር

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ሆቴሎቹ ሲዘጉ ኢላት በሥራ አጥነት ከመላ እስራኤል ቀዳሚ ሆነች። ሆቴሎቹ በሜይ ቢከፈቱም በሴፕቴምበር እንደገና ተዘግተዋል። ዜግነት ያላቸው ሠራተኞች፣ ቤተ እስራኤላውያኑን ጨምሮ፣ የሥራ አጥ ድጎማ ሲያገኙ ጥገኝነት ጠያቂዎቹ ግን የድጎማው ተጠቃሚ አልነበሩም።

እነርሱ የነበራቸው ተቀማጭ በሕግ የታገደ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2017 ጀምሮ ከጥገኝነት ጠያቂ ደመወዝ 20 በመቶ ተቆርጦ ከሀገር ሲወጣ ብቻ በሚከፈት ሂሳብ ይቀመጥ ነበር። አሠሪው 16 በመቶ ይጨምርበታል። በጊዜው ዝቅተኛው ደመወዝ 5,300 ሼቄል ስለነበር ከሠራተኛው በወር 1,060 ሼቄል ይሄድ ነበር። ለሴቶችና ለአንዳንድ ችግረኞች ቅነሳው በኋላ ወደ 6 በመቶ ዝቅ ብሏል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2020 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሠራተኛውን ድርሻ የሚመለከተውን ድንጋጌ ሽሮ ገንዘቡ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመለስ አዘዘ። ሥራ በጠፋበት ወር የብዙ ሰው ቤት ኪራይ የተከፈለው ከዚሁ ከራሱ ላብ በተቆረጠ ገንዘብ ነው። የአሠሪው 16 በመቶ ግን ከሀገር ሲወጣ የሚገኝ ሆኖ ቀረ።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ደግሞ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። ከጦርነቱ አካባቢ የተነሡ 60 ሺህ ያህል ተፈናቃዮች ወደ ኢላት ገቡ። ሆቴሎቹ ሞሉ፤ ነገር ግን ከአውሮፓ በክረምት የሚመጣው ቱሪስት ቀረ። በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት የከተማዋ ወደብ ሥራ ፈታ። ከሆቴል ወጥቶ ወደ ወደቡ ሥራ ለመሻገር ያስብ ለነበረ ሰው አማራጩ ጠበበ።

ከአቃባ የሚመጣው ተወዳዳሪ

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው አቃባ ሌላ የሥራ ኃይል ምንጭ ናት። በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መጀመሪያ 1,500 ዮርዳኖሳውያን በኢላት ሆቴሎች እንዲሠሩ ኮታ ተሰጥቶ ነበር። ጠዋት ድንበር ተሻግረው ይመጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ።

ለአሠሪው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከአቃባ የመጣው ሠራተኛ ማደሪያ አይጠይቅም፤ ሼቄሉንም ኑሮ በረከሰበት ሀገር ይመነዝራል። ኢላት አድሮ ኢላት የሚበላው ስደተኛ ግን በዚያው ደመወዝ የኢላትን ኪራይ መክፈል አለበት። ውድድሩ ሲጠነክር ጭማሪ የመጠየቅ አቅሙ ይቀንሳል።

የሚያዋጣው መንገድ

“ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ” እንደሚባለው፣ በኢላት ለመሰንበት የሚያስብ ሰው ማደሪያውን ከሥራው መነጠሉ ያዋጣዋል። ከሦስትና ከአራት ጓደኞች ጋር በጋራ የሚከራይ ቤት ከሆቴሉ አልጋ ሊወደድ ይችላል፤ ሥራ ሲቀየር ግን አብሮ አይለቅም። ማደሪያው ከሆቴሉ ከሆነም የተቆረጠው ገንዘብ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፉንና ከ25 በመቶ አለመዝለሉን ማየት ይገባል። ወረቀቱም መጣል የለበትም፤ ክርክር ቢነሣ ዋናው ማስረጃ እርሱ ነው።

ቤተሰብ ላለው ሰው ሌላም ጉዳይ አለ። የጥገኝነት ጠያቂዎች ልጆች ከከተማዋ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ተለይተው ይማሩ ነበር። በመደበኛዎቹ እንዲገቡ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2012 በቤር ሼባ ፍርድ ቤት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ሥራ በጠፋ ቁጥር ዕቃ ጠቅልሎ ወደ ቴል አቪቭ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ መጠባበቂያው በስም ሳይሆን በወራት ይለካል፤ ቢያንስ የሦስት ወር ኪራይ። ሀገር ቤት የሚላከው ገንዘብ የሚታሰበውም ይህ ከተቀመጠ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከኢላት በየወሩ የሚጠበቀው ገንዘብ ባልታሰበ ሰዓት ሲቋረጥ የሚቸገረው ቤተሰቡም ጭምር ነውና።