በኮምፒዩተር የሚጫወቱት «ዕቃቃ»፦ አዲሱ ከመምጣቱ በፊት ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ

(ከሬዲዮ ፕሮግራማችን የተወሰደ)

  

የድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት የሳቢያን ልጆች ከዙሁር እስከ ዐስር ከቤት እምብዛም አይወጡም። ቀድሞ በዚህ ሰዓት በበረንዳው ጥላ ሥር በቆርኪና በጭቃ ዕቃቃ ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ባለበት ቤት ያው ዕቃቃ ስክሪን ውስጥ ገብቷል። ልጅቱ ቤት ትሠራለች፣ ሰዎች ታስገባበታለች፣ ታበላቸዋለች፣ ታስተኛቸዋለች፣ ሥራ ትልካቸዋለች። ስሙ «ዘ ሲምስ» ይባላል። ወላጆችም ይህ ነገር ምንድን ነው? ይፈቀዳል ወይ? አዲስ ይመጣል የሚባለውስ ምን ይዞ ነው? ይላሉ። ዛሬ በዚህ ላይ እንነጋገራለን፤ ኢንሻ አላህ።

የጨዋታው ፈጣሪ ዊል ራይት የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ላይ በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ቤቱን አጣ። የጠፋውን ዕቃ አንድ በአንድ ሲተካ ለኑሮ በእርግጥ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ማሰብ ጀመረ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው የከተማችን ሰዎች ይህን ሐሳብ ያለ አስተማሪ ያውቁታል፤ ድስቱ ይቅደም ወይስ ፍራሹ የሚለውን ኖረውበታልና። ራይት ሐሳቡን ወደ አሻንጉሊት ቤት ለወጠው። ጨዋታውም እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀረበ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የረሃብ፣ የእንቅልፍ፣ የንጽሕና፣ የመዝናናትና የጓደኛ መለኪያ አለው። መለኪያው ሲወርድ ሰውየው ይከፋዋል፣ ሲሞላ ይደሰታል። የሩሕ ረሃብ የሚለካበት ግን የለም። አንዱ የጨዋታ ቀን በተለመደው ፍጥነት 24 ደቂቃ ያህል ነው። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ብቻ ስድስት ቀን ያህል ያልፋል ማለት ነው። ልጆች «ይቺን ቀን ልጨርስና» እያሉ ሰላት የሚያልፋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸሪዓ ልጅን ከጨዋታ አልከለከለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአሻንጉሊቶቹ መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው ምንነቱን ጠየቁ፤ የዓኢሻንም መልስ ሰምተው ሳቁ። በምስል ጉዳይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ጥርጣሬ ያለው ሰው የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ። እኛ ግን ከዚህ ሐዲስ አንድ ነገር እንያዝ። የአላህ መልክተኛ ጨዋታውን አይተው ዝም ብለው አላለፉም። ጠየቁ፣ አዳመጡም።

ብንጠይቅ የምናገኘው ሁሉ አይጥመንም። በጨዋታው ውስጥ ያለ ኒካሕ መቀራረብና ከሃይማኖታችን ውጭ የሆነ ጥንድነት አለ። አንዲት የሚስጥር ቃል ሲጽፉ 50,000 የጨዋታ ገንዘብ ይገባል፤ በአሸዋ ገበያ ከፈጅር ጀምሮ የሚለፋ አባት ያለበት ቤት ይህን ሊያወራበት ይገባል። ደግሞ ጨዋታው የሕፃን አይደለም። አሜሪካኖች ከ13 ዓመት በላይ፣ አውሮፓውያን ከ12 ዓመት በላይ ብለው መድበውታል።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ። ሁለተኛው ሲምስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ሰዎቹ ማርጀትና ልጅ ልጅ ማየት ጀመሩ። በ2009 የወጣው ሦስተኛው ሰፈሩን በሙሉ ከፈተ። አራተኛው በ2014 ሲመጣ ግን ሰፈሩ ተመልሶ ተከፋፈለ፤ ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናትም አልነበሩበትም፤ እነርሱ የተጨመሩት በ2017 ነው። ስለዚህ የተጫዋቾች ተስፋ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሰፈሩ እንዲከፈት፣ ጎረቤቱ የራሱ ኑሮ እንዲኖረው፣ ቤተሰቡ ከጅምሩ የተሟላ እንዲሆን ይመኛሉ። ልብ ብለን ካየነው የሚመኙት ቤተሰብና ጉርብትና ነው።

ስጋታቸውም ሦስት ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። አራተኛው ሲምስ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መነሻው በነፃ ይገኛል። ተጨማሪዎቹ ግን በየፊናው ይሸጣሉ፤ ሁሉም ሲደመር ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ሁለተኛው ብቸኝነቱ ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት «ፕሮጀክት ሬኔ» የተባለ አዲስ ሥራ አስታወቀ። ብዙዎች አምስተኛው ሲምስ መሰላቸው። በ2024 ግን አራተኛውን እንደማይተካ ተገለጸ። ለሙከራ የታየውም በስልክ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ ስፍራ የሚጫወቱት ነበር። ለብቻቸው በቤታቸው መጫወት የለመዱት ተጫዋቾች በዚህ ደነገጡ። ሦስተኛው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የሳዑዲ ዐረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድና ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ባለቤቱን ኤሌክትሮኒክ አርትስን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማታቸው ተነገረ። ከዚህ 20 ቢሊዮኑ ብድር በመሆኑ ዕዳው ከተጫዋቹ ኪስ እንዳይወጣ ተሰጋ። ለእኛ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ገንዘቡ ከሙስሊም አገር መምጣቱ ጨዋታውን ሐላል አያደርገውም። የሚመዘነው በውስጡ ባለው ነው።

ከሦስቱ ስጋቶች ለእኛ ቤት የሚከብደው ሁለተኛው ነው። እስከ ዛሬ ዕቃቃው በቤት ውስጥ ነበር፤ ልጅቷ ከራሷ ሐሳብ በቀር ከማንም ጋር አትገናኝም። ነገ ያው ጨዋታ በር ቢኖረው ማን ይገባል? ስሙን የማናውቀው፣ ዕድሜውን የደበቀ ሰው ሊገባ ይችላል። የሳቢያን እናት የማታውቀውን ሰው ከግቢዋ በር ላይ ቆማ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አታስገባም። በስልክ በኩል ሲመጣ ለምን ዝም ትላለች?

ስለዚህ አዲሱ ሲመጣ አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ለብቻ ነው ወይስ ከማይታወቅ ሰው ጋር? ማውራትና መጻጻፍ አለው? መዘጋትስ ይችላል? ክፍያ አለው? ውጭ አገር ያለ አጎት ወይም አክስት ካርዱን ቢሰጥ ወሰኑን ማን ያስቀምጣል? ለልጁ ዕድሜስ ይስማማል? መልሱን ሳናገኝ አይጫን። ኮምፒዩተሩም ስልኩም ሳሎን ይሁን። አዛን ሲባል ይቁም፤ ጨዋታው ማቆሚያ ቁልፍ አለው፣ ሰዎቹም ቆመው ይጠብቃሉ። ሰላት ግን ወቅቱ አይቆምም።

ከሁሉ በፊት አንድ ሰዓት ከልጃችን አጠገብ እንቀመጥ። «ይቺ ማናት? ቤቱ ውስጥ የሚሰገድበት ክፍል የቱ ጋ ነው?» እንበላት። ምናልባት ትሠራው ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን በአደራ ስለተሰጠን መንጋ እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። እረኛ ደግሞ መንጋውን ከሩቅ በመጮህ ብቻ አይጠብቅም፤ አብሮ ይውላል።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፣ ቤታችንንም ከክፉ ይጠብቅልን። አሚን።